ፕላስተሩን አንሱት

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብብ። ባለ መኪናና ሾፌር የሆናችሁ ግን ጊዜ ባይኖራችሁም አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት መንገድ ዳር የቆመች የአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ሥሩ አንድ የድሮ ተማሪዬ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ጥሩ ሥራ ላይ ያለ ልጅ፣ "ቲቸር፣ እነዚህ አሮጌ ናፍጣዎች እኮ ሰው እየጨረሱ ነው፤ ሁሉም ተለቅመው ብረት ማቅለጫ መግባት ነው ያለባቸው" ብሎ ጻፈ። ብዙ ሰው ላይክ አደረገለት። ሌላው ደሞ "አንተ አስተማሪ ነህ፣ ያውም በዲፕሎማ፣ ስለ ሞተር ምን አገባህ?" አለኝ።

ለሁለተኛው በአጭሩ ልመልስ። አዎ፣ ዲፕሎማ ነው ያለኝ። ፊዚክስ አስተምራለሁ። አምቦ ስማር ከሰዓት ከሰዓት አጎቴ ጋራዥ ውስጥ መብራት እየያዝኩ፣ ብሎን በናፍጣ እያጠብኩ ነው ያደግኩት። አሁንም ከወንድሜ ጋር በጋራ የገዛናት አንዲት ባለ 5ኤል ሞተር ሚኒባስ አለችን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ደብተሯን እይዛለሁ። ስለዚህ ያገባኛል።

ለመጀመሪያው ግን በአጭሩ መመለስ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም ልጁ ግማሹን እውነት ይዟል። መንገዳችን ላይ ሰው እየሞተ ነው። "የሚገድለው የመኪናው እርጅና ነው" የሚለው ግን ውሸት ነው። ያውም ባለቤቱንም፣ ሾፌሩንም፣ መካኒኩንም፣ ተሳፋሪውንም በአንድ ጊዜ ነጻ የሚያወጣ ምቹ ውሸት። ለምን እንደዚህ እንደምል አንድ የደረሰብኝን ነገር ልንገራችሁ።

ያለፈው ክረምት ነው። ከአምቦ በጉደር፣ በጥቁር እንጭኒ አድርጌ ወደ ሸነን እየተመለስኩ ነበር። ሚኒባሷ ሞልታለች፣ እንደተለመደው ከልክ በላይ። እኔ ጋቢና ነኝ። ዳሽቦርዱን ሳይ አንድ ቦታ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። በፕላስተሩ ጠርዝ በኩል ቀይ ብርሃን ሾልኮ ይወጣል። የባትሪ ሥዕል ያለባት መብራት ናት።

"ይቺ ምንድን ናት?" አልኩት ሾፌሩን።

"እሷማ ከበራች ሳምንት ሆናት። ማታ ማታ ዓይኔን እየወጋች አስቸገረችኝ። ቲቸር አታስብ፣ ባትሪው አዲስ ነው።"

እኔም ዝም አልኩ። ይሄንን ነው መናዘዝ ያለብኝ። ያቺ መብራት ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ ለልጆች ስለ ዲናሞ የማስተምር ሰው ነኝ። ግን እየመሸ ነው፣ ዝናብ አለ፣ ሁሉም ቤቱ መግባት ይፈልጋል። "ቆም በልና እንየው" ብል ከኋላ የሚወርድብኝን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን አወጣና በፎሌ ለቀቃት። አንድ ሁለቴ ፍሬን ያዘ፣ ያዘችለት። ቀጥሎ ሲረግጥ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነ። በሁለት እግሩ ቆመበት፤ መኪናዋ ትሄዳለች። ማርሽ ሊያስገባ ሞከረ፤ ካምቢዮው ጮኸ እንጂ አልገባለትም። የእጅ ፍሬን ሳበ። መጨረሻ ላይ በተራራው በኩል ያለው ቦይ ውስጥ ጎኗን እያሻሸ አስገባትና ቆመች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የሞተ ሰው የለም። ሁለት ሰው ተፈነከተ፣ አንድ አዛውንት ክንዳቸው ተሰበረ። ከኋላዬ ሕፃን ያቀፈች እናት ነበረች። ልጁን ከላይ እስከ ታች ስትዳስሰው ያየሁት አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

ሾፌሩ ወርዶ፣ ጭንቅላቱን ይዞ ምን አለ መሰላችሁ? "መኪናዋ አርጅታ ነው እኮ!"

አዛውንቱም ክንዳቸውን እንደያዙ "አዎ ልጄ፣ አርጅታለች" አሉ። ሁሉም ተስማማ።

መቀመጫውን አንስተን ሞተሩን ስናይ ነገሩ ግልጽ ነበር። ዲናሞውን የሚያዞሩት ቺንጋዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ከዚህ በፊት ተበጥሶ ጠፍቷል፣ ማንም አልተካውም። ሁለተኛው ብቻውን ሲጎትት ከርሞ፣ ተበልቶ ተበልቶ፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ ተበጠሰ።

"ታዲያ የዲናሞ ቺንጋ ከፍሬን ጋር ምን አገናኘው?" የሚል ይኖራል። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በራሱ ቫኪዩም ይፈጥራል፤ ያ ቫኪዩም ነው እግራችሁን የሚያግዘውን የፍሬን ሰርቮ የሚሠራው። እነዚህ የድሮ ናፍጣ ሞተሮች ግን አየር የሚገድብ በር የላቸውም፣ ስለዚህ ለፍሬን የሚበቃ ቫኪዩም አይፈጥሩም። ለብቻው ቫኪዩም ፓምፕ ይሰጣቸዋል። በነዚህ ቶዮታዎች ላይ ፓምፑ የት ነው ያለው? ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው! ቺንጋው ሲላላ መጀመሪያ የባትሪዋ መብራት ትበራለች። ሲበጠስ ቻርጁም ቫኪዩሙም አብረው ይቆማሉ። ሰርቮው ውስጥ የቀረው ቫኪዩም አንድ ሁለት ጊዜ ያስረግጣችኋል። ከዚያ በኋላ የሞላ ሚኒባስ በእግር ጉልበት ብቻ ማቆም ነው። በፎሌ ባይለቃት ኖሮ ደሞ ሞተሩ ራሱ ይይዛት ነበር። ያንንም በገዛ እጁ ጥሎታል።

እንግዲህ ፍረዱ። መኪናዋ ለሳምንት ያህል በቀይ መብራት "ቺንጋዬን እዩልኝ" ስትል ነበር። እኛ አፏ ላይ ፕላስተር ለጠፍንባት። ስትወድቅ "አርጅታ ነው" አልን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? እዚህ በሽተኛዋ አልደበቀችም። እየተናገረች የደበቅንላት እኛ ነን።

አሁን ወደ እርጅናው እንምጣ። አባቶቻችን "ኤንትሬ" የሚሉትን ከባድ መኪና አስታውሱ፤ ፊያት 682 ኤን 3 ነው። ጣሊያን የ682ን ዘር መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያንን መኪና ከአሰብ ጭነት ያመላለሱበት ሾፌሮች ዛሬ የልጅ ልጅ አይተዋል። መኪናው ግን አንዳንድ ቦታ አሁንም አሸዋና ድንጋይ ይጭናል። በምን ምክንያት ነው የኖረው? የሚነዱት ሰዎች ማለዳ ሳያስነሱ ዘይት ይለኩ ነበር፣ ጎማ በመዶሻ ይመቱ ነበር፣ ግሪስ ያጠጡ ነበር። ጋራዥ ውስጥ የምንጠራቸውን ስሞች ተመልከቱ፦ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ፣ ፎሌ። ከጣሊያን የወረስናቸው ናቸው። ቃሉን ከሰማንያ ዓመት በላይ ጠብቀን አቆይተናል። ልማዱን ነው የጣልነው።

ናፍጣ ሞተር ደሞ ሲፈጠር ጀምሮ ለረጅም ዕድሜ ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠራ መብት ሲጠይቅ ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ካንዴላ ሳያስፈልግ፣ አየሩን በጣም ብትጨምቀው ራሱ ይግላል፣ የሚረጨውን ናፍጣ ያቃጥለዋል። 5ኤል ሞተር አየሩን 22 እጥፍ ያህል ይጨምቀዋል። ይሄን ጭነት የሚችል ብሎክ ወፍራም መሆን አለበት። የወፈረ ብረት ደግሞ ዘይቱና ሙቀቱ ከተጠበቀለት ዝም ብሎ አያልቅም። የእኛዋ ሚኒባስ ቆጣሪ ስንገዛት 400 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። እሱንም ማን እንደነካካው እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። እስካሁን ሞተሯ አልወረደም።

ሌላ የሚያስቀኝ ነገር አለ። አይሱዙን "አልቃኢዳ" አልነው፣ ሲኖትራክን "ቀይ ሽብር" አልነው። ስሙን ለብረቱ ሰጠነው። ብረቱን በፎሌ የሚለቀውና ያለቀ ሸራ ይዞ የሚነዳው ሰው ግን ስም አልወጣለትም።

ፕላስተር ስል ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፈውን ብቻ አይደለም። ብዙ ዓይነት ፕላስተር አለን።

አንደኛ፣ ቴርሞስታት። ሞተር ጋለ ሲባል ብዙ መካኒክ መጀመሪያ የሚያደርገው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። "ይሄ ለበረዶ አገር ነው፣ ለኛ አያስፈልግም" ይላል። እኛም ሰምተን አስወጥተን ነበር፣ አልዋሽም። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው ማለት ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ በሩን ዘግቶ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ከሌለ ሞተሩ በጠዋቱ ብርድ እየበረደ ይሠራል፣ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ያልተቃጠለው ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፋሻው ይበላል። ሞተሩ የጋለበት ምክንያት የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ከሆነ ደግሞ እሱ እንዳለ ነው። ምልክቱን ለጥቂት ጊዜ አዘገየነው እንጂ አልፈወስነውም።

ሁለተኛ፣ የራዲያተር ክዳንና ውሃ። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው የት ነው? በባሕር ወለል ላይ ነው! አምቦ ከባሕር ወለል 2100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ እዚያ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። ዳገት የምትወጣ ሚኒባስ እዚያ ለመድረስ ምን ያህል ይቀራታል? ደህና ክዳን ግፊቱን ይዞ የመፍያውን ሙቀት ከ110 በላይ ያደርሰዋል። በዚህች ስፕሪንግ ባላት ክዳን ምትክ ስንት መኪና ላይ ጨርቅ ተወትፎ አይቻለሁ! ጨርቅ ግፊት አይይዝም። ውሃው ይፈላል፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሽኑ ይቃጠላል። ከዚያ "ሞተሯ አርጅቶ ነው"።

ውሃውንም ተዉኝ። ከጉደር ወንዝ፣ ከሁሉቃ፣ ከቦኖ፣ ካገኙበት። የአምቦ ውሃ ለሆድ መድኃኒት ነው፣ ለራዲያተር ግን መርዝ ነው። ማዕድን ያለው ውሃ ሲግል እንደ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱም የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦ ይደፍናል። ኩላንት የሚባለው ባለ ቀለም ውሃ ዝገት ይከላከላል፣ የመፍያውንም ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ለእሱ አቅም ከሌላችሁ ቢያንስ ንጹሕ የዝናብ ውሃ አጣርታችሁ ያዙ፣ እስክትገዙ ድረስ።

ሦስተኛ፣ ጭስ። ጭስ የሞተር ቋንቋ ነው። ሰማያዊ ጭስ "ዘይት እየጠጣሁ ነው" ማለት ነው፤ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎሚኒ። ሞተሩ ከጋለ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ "ውሃ እየገባብኝ ነው" ወይም "ናፍጣው አልነደደም" ማለት ነው። ጥቁር ጭስ "ናፍጣው ከአየሩ በዝቶብኛል" ማለት ነው፤ የተደፈነ የአየር ፊልትሮ ወይም የሚያንጠባጥብ ኖዝል። እኛ ጋ ሌላም አለ። ከፍታችን ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር አምስት አንድ እጅ ያህል ይጎድላል። ዳገት ላይ መኪናዋ ስትደክም ባለቤቱ "ጉልበት ጨምርልኝ" ይላል፤ መካኒኩ የናፍጣ ፓምፑ ላይ ያለችውን ብሎን ያጠብቃታል፣ ናፍጣው ይጨምራል። አየሩ ግን ከየት ይመጣል? የተረፈው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ባለቤቱ የገዛውን ናፍጣ ሰማይ ላይ ይበትናል፣ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ እናት ትተነፍሰዋለች።

አራተኛ፣ ቆጣሪው። ለገዢ ብለን ኪሎ ሜትር እናስቀንሳለን፣ ወይም ሽቦውን እንነቅላለን። ይሄ ገዢን ማታለል ብቻ መስሎ ይታያችኋል? የ5ኤል ሞተር የታይሚንግ ቤልት በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። ዳሽቦርዱ ላይ "ቲ ቤልት" የምትል መብራት የተሠራችው ለዚሁ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ትበራለች። ቆጣሪው ከቆመ እሷም ዝም ትላለች። ቤልቱ ሲበጠስ ፒስተን ከቫልቭ ጋር ይጋጫል፣ ሞተሩ እዚያው ያበቃል። ያታለልነው ገዢ ምን እንደገዛ ሳያውቅ ቤተሰቡን ጭኖ ይሄዳል።

አምስተኛ፣ ከጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ። ማደያ ላይ ሰልፍ ሲበዛ ሁላችንም እናደርገዋለን፣ አውቃለሁ። ግን የናፍጣ ፓምፑ ውስጥ ሌላ ማለስለሻ የለም፤ የሚያለሰልሰው ራሱ ናፍጣው ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ደረቅ ነው፣ ውሃ የገባበት ደግሞ ያዝገዋል። ከጀሪካን ከቀዳችሁ በጨርቅ አጥልሉ፣ አስቀምጣችሁ አዝቅጡ፣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ በየጊዜው ፈታ አድርጋችሁ ውሃውን አውጡ። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም። አምስት ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ፕላስተሩን የሚለጥፈው ማነው? ሾፌሩን ብቻ ብወቅስ ግፍ ነው።

መጀመሪያ የምወቅሰው ባለቤቱን ነው። ባለ መኪናው በየማታው የተቆረጠ ገቢ ይጠብቃል። ሾፌሩ ቺንጋ ለመቀየር ግማሽ ቀን ቢቆም ገቢው አይቀርለትም፣ ከራሱ ኪስ ይሞላል። ታዲያ ለምን ይቆማል? መብራቷ ብትበራ ለእሱ የምትነግረው የገቢ ጉድለት ነው። ፕላስተሩን በሾፌሩ እጅ የለጠፈው ባለቤቱ ነው ማለት ነው። ወንድሞቼ፣ በወር ሁለት ቀን "የመኪናዋ ቀን" ብላችሁ ገቢ አትጠይቁ። ሁለት ቀን! ሞተር ሲወርድ የምታጡት ወር ሙሉ ነው፣ እዳውም ሌላ። ሳይቃጠል በቅጠል።

ቀጥሎ ቦሎ። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል። እኛስ ለዚያ ቀን ምን እናደርጋለን? ከጓደኛ ጎማ እንዋሳለን። መብራት እንዋሳለን። ተመርምረን እንወጣና ጎማውን ለባለቤቱ እንመልሳለን፣ በላጨው እንመለሳለን። መርማሪውን ሸወድነው ብለን እንስቃለን። የተዋሰውን ጎማ መልሶ በላጩ ጎማ የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት ማንን ነው የሸወደው?

ሦስተኛው መካኒኩ ነው። ጎበዝ እጅ አላችሁ፣ አከብራችኋለሁ፣ ከእናንተው መሃል ነው የወጣሁት። ግን "ይሄን አልሠራም፣ እንዲህ ሆና መውጣት የለባትም" የሚል ቃል ከአፋችሁ ሰምቼ አላውቅም። አጎቴ ግን ይል ነበር። ደንበኛ አጥቶበታል፣ ያጣውን ያህል ደግሞ አግኝቶበታል።

አራተኛው እኛ ተሳፋሪዎች፣ እኔን ጨምሮ። "ንዳው እንጂ!" እንላለን። ሾፌሩ ጎማ ለማየት ሲወርድ እናጉረመርማለን።

አሁን ለተማሪዬ። የምትለውን አንድ በአንድ ልመልስ፣ ምክንያቱም ሐሳብህን አከብራለሁ።

"ጭሱ ሰው ይገድላል" ብለሃል። እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ በግልጽ መድቦታል። ይሄንን የሚክድ ሰው አልከላከልም። ግን ያ ጥቁር ደመና የጤነኛ ሞተር ጭስ አይደለም፤ ያልጸዳ ፊልትሮ፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝልና ያለ አግባብ የጠበቀች ብሎን ነው። ጤነኛ የድሮ ናፍጣም ንጹሕ ነው አልልህም። ግን ከዚህ ሁሉ ጥላሸት ብዙውን ነገ ጠዋት በጋራዥ ልናስቀረው እንችላለን፣ አዲስ መኪና ሳንጠብቅ።

"ኤሌክትሪክ ይምጣ" ብለሃል። ይምጣ፣ እልል ብለን እንቀበላለን። መንግሥት በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፣ ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ከሚገዛ በራሳችን ውሃ በሚመነጭ መብራት ብንሄድ ማን ይጠላል። ግን እስቲ ና ሸነን። መብራት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እይ። በክረምት መንገዱን እይ። ያቺን የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ በዚህ መንገድ ላይ ሰው የሚጭን ባለሀብት ካለ አሳየኝ። እሱ እስኪመጣ ድረስ ታማሚ ወደ አምቦ ሆስፒታል የሚሄደው በምንድን ነው? ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው በምን? በነዚሁ ብረቶች ነው። ሁሉም ነገ ማቅለጫ ይግባ ካልክ፣ እኛ በእግራችን እንሂድ ማለትህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውል። የድሮው ሞተር ፓምፑም ኖዝሉም ሜካኒካል ነው። በአምቦ መካኒክ እጅ፣ በቁልፍና በጥሩ ጆሮ ይጠገናል። አዲሶቹ ናፍጣዎች፣ ዲ ፎር ዲ የምንላቸው፣ ኮምፒውተርና በጣም ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋሉ። ከጀሪካን የሚቀዳውን አንድ ወር አይታገሡትም። ስለዚህ የድሮውን የምንጠብቀው ናፍቆት ይዞን አይደለም። እዚህ ልንጠግነው የምንችለው እሱን ስለሆነ ነው።

"እቃው ተወደደ" የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሶማሌ ተራ ሄዶ ኦሪጅናል ኩሽኔታ ጠይቆ ያልደነገጠ የለም። ለዚህ ነው እኮ ትንሿን እቃ በጊዜዋ መቀየር የበለጠ የሚያስፈልገው! እቃ በተወደደ ቁጥር ቸልተኝነት ይወደዳል። የዲናሞ ቺንጋ ከአንድ ቀን ገቢ በታች ነው። የቀረችውን ቺንጋ ባለመቀየሩ ያ ሰው ያወጣው ሂሳብ፦ የቦዲ ሥራ፣ የአዛውንቱ ሕክምና፣ ሳምንታት ያለ ሥራ። የቱ ነው ውድ?

ከዚያ ቀን በኋላ እኔና ወንድሜ ያደረግነውን ልንገራችሁና ልጨርስ፤ ማንም ሊያደርገው ይችላል።

አንድ ተራ የተማሪ ደብተር ገዛን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቆጣሪው ዛሬ የሚያነበውን ጻፍን፤ ውሸትም ይሁን እውነት፣ ከዚህ በኋላ ያለው የራሳችን ነው። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ከነፊልትሮው። ሲቀየር ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ይጻፋል። ቺንጋዎቹ በየሳምንቱ በጣት ተጭነው ይታያሉ፣ አንድ ትርፍ ሁልጊዜ ወንበር ሥር አለ። ከዲናሞው ጀርባ ወደ ቫኪዩም ፓምፑ የሚሄዱት የዘይት ጎማ ቱቦዎች ይዳሰሳሉ፤ አንዷ ከተቀደደች የሞተሩን ዘይት መንገድ ላይ ታፈሰዋለች። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፣ ምክንያቱም እርጥበት ይስባል፣ በረጅም ቁልቁለት ላይ ይፈላል። ቴርሞስታቱን መልሰን አስገባን። አዲስ ክዳን ገዛን። ቁልቁለት ላይ ፎሌ ክልክል ነው፤ ዳገቱን በወጣችበት ማርሽ ትወርዳለች። ወንድሜ መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ "ክፍል ውስጥ ያለሁ መሰለህ እንዴ?" አለኝ። አሁን ከእኔ በፊት ደብተሩን የሚጠይቀው እሱ ነው።

ለሾፌሮች፦ ዛሬ ማታ ስታቆሙ ዳሽቦርዳችሁን እዩ። ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ኦን ላይ ስታደርጉት መብራቶቹ ሁሉ መብራት አለባቸው፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። የማትበራ ካለች አምፑሏን አስተኩ። የማትጠፋ ካለች ሰው አትጫኑ። የለጠፋችሁት ካለ አንሱት።

ለተሳፋሪዎች፦ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ዓይን አለው። ቀይ መብራት ካያችሁ ጠይቁ። በፎሌ ሲለቅ "ማርሽ አስገባ ወንድሜ" በሉት። ይቆጣ። እኔ ሾፌሩን እንዳላስቀይም ብዬ ዝም አልኩ፣ የአንድ አዛውንት ክንድ ተሰበረ። ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። "አይ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ መኪናዋ አርጅታ ነው" አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። መብራቷን አይቼ ነበር አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉና "እንግዲያው ለሰው ንገር" አሉኝ።

እነሆ ነገርኳችሁ። ተማሪዬ፣ አልተቀየምኩህም፤ ለበዓል ስትመጣ ደውልልኝ፣ ከአምቦ በእኛዋ እንሂድ። ደብተሯን ጋቢና ላይ ታገኘዋለህ።

ሼር አድርጉት። በተለይ ባለ መኪና ዘመድ ያላችሁ ታግ አድርጉት። ኮሜንት ላይ ደግሞ ስድብ ሳይሆን፣ እናንተ መኪና ላይ ያያችሁትን ፕላስተር ጻፉልኝ።